ወንድሜ ውሃ የለመነበት ቋንቋ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ሲጠማው በምን ቋንቋ ነው የሚጠማው? እኔ ጉሮሮ ቋንቋ ያለው አይመስለኝም ነበር። ጉሮሮ ይደርቃል፣ ምላስ ይከብዳል፣ ከዚያ ሰው ከፊቱ ላገኘው ሰው «ውሃ» ይላል። ያኛው ወይ ይሰጠዋል ወይ ይነፍገዋል። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የእኛ ሰፈር ሰዎች ግን ከዚህ ነው የጀመሩት።

ቆይ፣ ተናድጄ ስጽፍ ነገር ይምታታብኛል። ከሥሩ ልነሣ።

ታላቅ ወንድሜ ተሰማ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር የሚሄድ ጫኝ ነበር። ከአንኮበር ወርዶ፣ አልዩ አምባን አልፎ፣ በረሃውን ከአፋር ግመለኞች ጋር አቋርጦ እስከ ባሕር ጠረፍ ይደርሳል። ሌላው ጫኝ ሲመለስ ለቤቱ ዶቃ ወይ መርፌ ያመጣል። ተሰማ የሚያመጣው ቃል ነበር። ገና አቧራውን ሳያራግፍ እናታችን አጠገብ ይቀመጥና፣ «እማዬ፣ ውሃን አፋሩ ምን እንደሚለው ታውቂያለሽ? ሌ ይለዋል። ኦሮሞው ቢሻን፣ ሱማሌው ቢዮ፣ ዐረቡ ደግሞ ማእ ይለዋል» ይላታል።

«እሰይ» ትላለች እናቴ። «አሁን ከአራቱ የፈለግኸውን ይዘህ ምንጭ ውረድና ቅዳልኝ።»

ይሄ ነው እንግዲህ ወንድሜ። ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን አይደለም፣ አፉን ነው። በሰውየው አፍ ሰላምታ ካልሰጠ ሰላም ያለው አይመስለውም። በዚህ የተነሣ ገበያ አብሬው ስሄድ አፍሬ አላውቅም ማለት አልችልም። አንዲት የጥጥ ሻጭ የአገሯን ቃል እስክታስተምረው ድረስ ጥጡን አንስቶ አያስቀምጥም፤ አይገዛምም።

ከጠረፍ ሲመለሱ በረሃው ውስጥ ንዳድ ያዘው። እዚያው ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት። እኔ ያን ጊዜ ሰላ ድንጋይ ቅኔ ቤት ነበርኩ። መርዶውን የሰማሁት ለመምህሬ ጉባኤ ቅኔ አቀርባለሁ ብዬ ቤት ስደፋ በዋልኩበት ዕለት ነው። የቅኔውን ቤት እንዳልሞላ ትቼው መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስናገርም ስጽፍም መሐል ላይ እየቆምኩ እቸገራለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ተዝካሩ ቀርቧል። እናቴ ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ፣ ጠላውን ጠምቃ ጨርሳለች። በዚህ መሐል ነው ጎረቤታችን አያ ደምሴ ሊያስተዛዝን የመጣው። አያ ደምሴ አልዩ አምባ እየወረደ ጨው ይነግዳል፤ ከጨው ጋር ወሬም ጭኖ ይመጣል። ንፍሮውን እየዘገነ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣

«ተሰማ ነፍሱ ሲወጣ ውሃ የለመነው በእስላም ቋንቋ ነው አሉ» አለ።

ንፍሮው ላይ የነበረ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። እሱ ብቻ ዘግኖ ቆረጠመ።

የንስሐ አባታችን አባ ተክለ ሚካኤል ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። «በእስላም ቋንቋ?»

«አሉ ነው የምልዎ፣ አባቴ። እኔ ምን አውቄ።»

ምንም የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አድርጎ ያውቃል? እንጃ። አባ ግን ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማሰብ ጀመሩ። አባ ማሰብ ሲጀምሩ ለእኛ ቤት ደግ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

«ሰው በጤናው ጊዜ የፈለገውን ቋንቋ ይናገር» አሉ። «ነፍስ ስትወጣ የሚመጣው ግን የልብ ቋንቋ ነው። በእስላም ቋንቋ ከተናገረ ልቡ ሰልሞ ነበር ማለት ነው።»

«አባቴ፣ የለመነው እኮ ውሃ ነው!»

«በምን አፍ?»

«በደረቀ አፍ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ቅኔ ቤት ገብቶ ያቋረጠ ሰው እንደኔ ያለ አደገኛ ፍጥረት ነው፤ የጨረሰ ዝም ይላል፣ ያልጀመረ ዝም ይላል። እኔ ቀጠልኩ። «ደግሞስ አባቴ፣ እርስዎ በግእዙ ማይ ይላሉ፣ ዐረቡ ማእ ይላል። ሁለቱን ቃላት አንዲት እናት ሳትወልዳቸው አትቀርም።»

የአባ ፊት ጠቆረ። «የቅዳሴውን ማይ ከግመል ነጂው ማእ ጋር አዛመድኸው?»

«እኔ አላዛመድኳቸውም። ተዛምደው ነው ያገኘኋቸው።»

«ሰላ ድንጋይ የላክንህ ለዚህ ነው?»

እናቴ የኩታዬን ጫፍ ስባ አስቀመጠችኝ። ግን ነገሩ ከእጅ ወጥቷል። አባ ብድግ ብለው በር ላይ ቆሙና ፍርዳቸውን ተናገሩ። «በሰማ ሰው አፍ እስክሰማ ድረስ ፍትሐት አልፈታም፣ ተዝካሩንም አልባርክም። ነገ የደብሩ ካህናት የሚይዙት እኔን ነው። ምስክር አምጣ።»

ሲሄዱ አያ ደምሴም ተከተላቸው። ንፍሮውን ግን ጨርሶት ነው የሄደው።

እናቴን ጓዳ አገኘኋት። የጠላውን ጋን በመዳፏ እየዳበሰች ቆማለች። «ልጄ ያለ ፍትሐት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው?» አለችኝ። ጠላው ከጋኑ ውስጥ ፍጭጭ ሲል ብቻ እየሰማን ቆምን።

በገበያው ቀን ማለዳ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ያን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል፤ ጉልበት ከሰው ቀድሞ ነው የሚወርደው። መንገዱን ሁሉ ስናደድ ወረድኩ። በአያ ደምሴ ተናደድኩ፣ በአባ ተናደድኩ፣ በድንጋዩም ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር በተሰማም ተናድጄ ነበር። «ውሃ» ብትል ምን ነበረበት? አጭር ቃል ነው። አፍ አያደክምም። እናትህ ያስተማረችህ ነው። ይህን እያልኩ የገበያ ንግግሬን ደግሞ አጠናለሁ። ምስክሮቹን እንዴት እንደማስቆማቸው፣ ድምፄን የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደማደርግ፣ ኩታዬን እንዴት እንደማጣፋ፣ ሁሉንም።

ስደርስ ጠምቶኝ ነበር። እንስራ ያዘለች ሴት አገኘሁና «ውሃ» አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ዓለም ሁሉ ምስክር እንዲሆነኝ። ግራ ገብቷት አየችኝና «ሰምቻለሁ፣ ምን ያስጮኽሃል?» ብላ ሰጠችኝ።

የምፈልጋቸውን ሰዎች ከግራር ሥር አገኘኋቸው። አንዱ ሐጂ ኑር ናቸው፤ ተሰማ ጭነታቸውን የሚጭንላቸው የአርጎባ ነጋዴ። ሁለተኛው ቶሎሳ ነው፤ ከተሰማ ጋር በአንድ ገመድ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ኦሮሞ። ሦስተኛው ሁመድ ነው፤ በረሃውን የሚመራቸው አፋር፣ ጊሌ የሚሉትን ቆልማማ ጩቤ ወገቡ ላይ ታጥቆ በዱላው አሸዋ የሚጭር ዝምተኛ። ሐጂ ገና ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«የተሰማ ወንድም አይደለህም? አላህ ያጽናህ፣ ልጄ። ና፣ አረፍ በል።»

አያችሁ? አረፍ ብዬ ብጠይቃቸው ሁሉን ነገር ይነግሩኝ ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት ያጠናሁትን ንግግር የት ላድርገው? ኩታዬን አጣፋሁና እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣

«በንጉሥ አምላክ! ሦስታችሁም ቁሙ!» አልኩ።

ከዚያ ከየአቅጣጫው፣ «ከሰሰ! ከሰሰ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። በርበሬ የሚሰፍረው ስፍሩን ትቶ መጣ። በቅሎ የሚያይ የበቅሎዋን አፍ እንደከፈተ ዞረ። ሐጂ ኑር በሐዘን አዩኝ።

«ልጄ፣ አረፍ በል ባልንህ ምን አጠፋን?»

በአገራችን በንጉሥ አምላክ ተብሎ የቆመ ሰው ዳኛ ሳያይ አይሄድም። ዳኛ ደግሞ ያገኙትን መንገደኛ ነው። አንድ በግ ሊሸጡ የመጡ ሽማግሌ በጉን ለሰው አስያዙና፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ይህችን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ድንጋይ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ግን ክስ የለኝም አባቴ፣ ጥያቄ ብቻ ነው።»

«በንጉሥ አምላክ ብለህ ሰው አስቁመህ ክስ የለኝም?» አሉና ጢማቸውን ጨበጡ። «እንግዲያስ የንጉሡን ስም በከንቱ ጠርተሃል። ተከሳሹ አንተ ነህ።»

ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ። ምን ላድርግ? ክስ ፈጠርኩ። «የወንድሜን የመጨረሻ ቃል ደብቀውብኛል!» አልኩ።

«ማን ጠየቀንና ነው የደበቅነው?» አለ ቶሎሳ።

«ዝም!» አሉ ዳኛው። «ሟቹ በምን ቋንቋ ነው ውሃ የለመነው? ሐጂ ይጀምሩ።»

«ወላሂ፣ በዐረብ ቋንቋ ነው የለመነኝ» አሉ ሐጂ። «ማእ አለኝ። ከጠረፍ ሰዎች የተማረውን ጥርት አድርጎ።»

አለቀ፣ አልኩ። ተዝካሩ አለቀ።

«ውሸት ነው!» ብሎ ቶሎሳ ተነሣ። «ሐጂ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጭንቅላቱ በማን ጉልበት ላይ ነበር? በኔ! ወደኔ ቀና ብሎ ቢሻን ነው ያለኝ። ዋቃ ይመስክርብኝ።»

ሁሉም ወደ ሁመድ ዞረ። ሁመድ አሸዋውን መጫር አቆመ።

«ሌ አለኝ» አለ። ደግሞ መጫሩን ቀጠለ።

«ስንት ምላስ ነበረው ይሄ ሰው?» አሉ ዳኛው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሰዎቹ ለሃይማኖት አልነበረም የሚጣሉት፤ ለፍቅር ነበር። ሐጂ «እኔን ነው እንደ አባት ያየኝ፣ ለዚህ ነው በተማረው ቋንቋ የጠራኝ» ይላሉ። ቶሎሳ «የምግብ ገበታ የተካፈልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ገበያተኛውም ጎራ ለይቶ ገባበት። ተሰማን በዓይኑ ያላየ ሰው ሁሉ ተሰማ በእሱ ቋንቋ ውሃ ለምኖ እንደ ሞተ ይምላል። አንድ ከምንጃር የመጣ ጤፍ ሻጭ «ኧረ አማርኛ ነው የተናገረው!» አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። «የት ሆነህ ሰማኸው?» ሲሉት ግን «እኔማ አልሰማሁም፣ ለልጁ አዝኜ ነው» አለ።

ዳኛው ሲደክማቸው ተነሡ። «ነገሩ የካህን ነው። ወደ ካህኑ ውጡ። እንዳትጠፋፉም ቋጥሬያችኋለሁ» ብለው የኩታዬን ጫፍ ከሐጂ ኩታ፣ የሐጂን ከቶሎሳ ጋቢ ጋር ቋጠሩ። ሁመድ ጋ ሲደርሱ ያገለደመውን ሽርጥ ሊይዙ እጃቸውን ሰደዱ።

«እሱ ከተፈታ ሌላ የለኝም» አለ ሁመድ።

በትከሻው ላይ ጣል ያደረጋትን ጨርቅ ቋጠሩ። ከዚያ በጋቸውን ተቀብለው ሄዱ። በጉን ሸጡት አልሸጡት አላውቅም፤ ፍርዳቸው ግን ከበጉ በላይ እንዳስደሰታቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቅ ነበር።

አራት ሰው ተቋጥሮ የአንኮበርን አቀበት ሲወጣ አይታችኋል? አትዩ። አንዱ ሲያደናቅፈው አራታችንም እንንበረከካለን። አንዱ ዞር ማለት ሲያስፈልገው አራታችንም ዞር እንላለን። መንገደኛው ሁሉ «ምን ሰርቀው ነው?» ይላል። «ምንም» እላለሁ። «ምንም ያልሰረቀ ሰው ይቋጠራል?» ብሎ ያልፋል።

እኩል መንገድ ላይ ሐጂ የሶላት ሰዓት ደረሰባቸው። ሁመድም ቆመ። ቋጠሮውን እንፍታው እንዳልል የዳኛ ቋጠሮ ነው፤ የፈታው ተረቺ ይሆናል። ቋጠሮው ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ሐጂ ሲያጎነብሱ እኔም ሳልወድ አጎነብሳለሁ፤ ሲሰግዱ እኔም በግንባሬ ልደፋ ስል በእጄ መሬቱን እደግፋለሁ። ቶሎሳ መሐል ላይ ሆኖ ሳቁን ለመዋጥ ጋቢውን ነክሷል። በዚህ ሰዓት ከእኛ ደብር አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ብቅ አለች። አየችኝ። ተነሥቼ «እማማ፣ ቋጠሮው ነው!» ልላት ስል ሐጂ እንደገና ሰገዱ፤ እኔም ወረድኩ። ሴትዮዋ እንጨቷን ጥላ ሽቅብ ሮጠች። በዕድሜዬ እንደዚያ ሽቅብ የሮጠ ሰው አላየሁም።

ደጃችን ስንደርስ እንግዲህ ወሬው ቀድሞናል። አባ ተክለ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ፊት አያ ደምሴ።

«ሁለተኛውም ሄደ?» አሉ አባ።

«የትም አልሄድኩም! ተቋጥሬ ነው! ምስክር አምጣ ብለውኝ ምስክር አመጣሁ!» አልኩ። ድምፄ ተቆራረጠብኝ። ያ ሁሉ ያጠናሁት ንግግር ከዚህ በላይ አልወጣ አለኝ።

አባ መስቀሉን ዝቅ አድርገው ምስክሮቹን በየተራ ሰሙ። ሐጂ ማእ አሉ። ቶሎሳ ቢሻን አለ። ሁመድ ሌ አለ። አባ አሰቡ። እንደገና ማሰባቸው!

«ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል» አሉ። «መልካም። የመጨረሻው የቱ ነው? ነፍሱ የወጣችው በየትኛው ላይ ነው?»

«በእኔ» አሉ ሐጂ። «ኧረ በእኔ!» አለ ቶሎሳ። እንደ ገበያው ሊጀመር ሆነ። አያ ደምሴም «እኔ የሰማሁት» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

እናቴ ከቤት የወጣችው ያን ጊዜ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አባን አልፋ፣ አያ ደምሴን አልፋ፣ ከተቋጠርነው ሰዎች ፊት መጥታ ቆመች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«ውሃው ደረሰለት?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። አልዩ አምባ ወርጄ፣ ሰው አስቁሜ፣ ዳኛ አቁሜ፣ ተቋጥሬ መጥቼ ይህችን ጥያቄ አልጠየቅኋትም ነበር። አባም አልጠየቋት። ገበያው ሁሉ አልጠየቃትም።

ሐጂ ኑር ቀስ ብለው ተናገሩ። «እናቴ፣ ውሃ በረሃው ላይ ለየሰው ተሰፍሮ ነው የሚያዘው። የእሱ አልቆ ነበር፤ ትኩሳቱ ብዙ አስጠጣው። እኔን በዐረብ አፍ ለመነኝ፤ ከስልቻዬ ሰጠሁት።»

«በኋላ እኔን በእኔ አፍ ለመነኝ» አለ ቶሎሳ። እያሰበው ነበር፤ ድምፁ ተለወጠ። «የእኔን ሰጠሁት። ልማዱ ነው። ሰውን በራሱ አፍ ካልጠራው የጠራው አይመስለውም ነበር። ለካ ሁላችንንም እንደዚያ…» ብሎ ተወው።

እናቴ ወደ ሁመድ ዞረች።

«እኔ የመጨረሻ» አለ ሁመድ። «ሌ አለኝ። አፉ አልከፈት አለ። ይህን ጨርቅ ነከርኩ፣ ጨመቅሁለት።» የተቋጠረውን የትከሻውን ጨርቅ አነሣ፤ የቶሎሳ ጋቢ አብሮት ተነሣ። «ጠጣ። በሦስታችን ስልቻ የተረፈ ውሃ ሁሉ ጠጣ። ከዚያ በቃኝ አለ።»

አባ ተክለ ሚካኤል አላስቻላቸውም። ከኋላ አንገታቸውን አስግገው፣

«በቃኝ ያለው በምን ቋንቋ ነው?» አሉ።

ሁመድ ዞሮ አያቸው።

«በእጁ» አለ።

አያ ደምሴ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና አባ አንዴ ሲያዩት መልሶ ገጠመው። ከዚያ አባ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ አቧራ አልነበረበትም።

«ተዝካሩ በቀኑ ይውጣ» አሉ። «ፍትሐቱን እኔው እፈታዋለሁ። የደብሩ ካህናት ከጠየቁኝ በእጁ ተናግሮ ነው የሞተው እላቸዋለሁ። እስቲ ከዚህ ላይ ይምጡብኝ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደኔ ዞሩ። «ማይና ማእ ያልኸውን ግን ሁለተኛ እንዳልሰማህ።»

እኔ አሁንም ተናድጄ ነበር። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ቃሉ ቀርቶ ሌላ ነገር መጣብኝ። ዓይኔን ልጠርግ ኩታዬን ሳነሣ የሐጂ ክንድ አብሮ ተነሣ፤ እሳቸውም እስክጨርስ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ቆሙልኝ።

እናቴ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ በአንድ እጇ የውሃ ቅል፣ በሌላው የተሰማን የቀንድ ዋንጫ ይዛለች። በእኛ ሰፈር ክርስቲያን ዋንጫውን ለእስላም አያቀርብም፤ ሰው ሁሉ አየ። አባ ቀና ብለው የቤታችንን ክዳን ይመረምሩ ጀመር፣ የሚያፈስ ቦታ እንደሚፈልግ ሰው። እናቴ ሞላችና ለሁመድ ሰጠችው። አቀበቱ አቃጥሎት ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ደግማ ሞላችለት፣ ያንንም ጨለጠ።

«ልጨምርልህ፣ ልጄ?» አለችው ቅሉን ዘንበል አድርጋ።

የመጨረሻው ጉንጭ አፉ ውስጥ ስለነበረ መናገር አልቻለም። መዳፉን ዘርግቶ ዋንጫው ላይ አደረገ፤ እናቴም ቅሉን እንዳዘነበለች እጁን ስታይ ቆየች።